ለጀማሪ ወፍ ተመልካቾች መጽሐፍ የመረጥኩ ዕለት

ወፍና አማርኛ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ሕፃን ልጅ ግድግዳውን ለቆ ሲቆም «ወፌ ቆመች» ብለን እናጨበጭብለታለን። ማንም ሳይተክለው ጓሮ የበቀለ ቃሪያ «ወፍ ዘራሽ» ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ» ይዞታል። የዲላ ጎረምሳ ደግሞ ኪሱ ባዶ ቢሆን፣ የቀጠራት ልጅ ብትቀር፣ ያጠናው ጥያቄ ፈተና ላይ ባይመጣ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ «ወፍ የለም» ይላችኋል። እንዲህ ወፍን ከአፋችን ሳንለይ የምንኖር ሰዎች፣ አጥራችን ላይ ወደተቀመጠችው ወፍ ጣት ተቀስሮ «ይህቺ ማን ናት?» ብንባል ግን የምንመልሰው አንድ ቃል ነው። ወፍ ናታ።

ይህ ባልከፋ ነበር። ወፍ መሆኗን ማወቅም ራሱን የቻለ እውቀት ነው። የሚከፋው ከዚያ አልፎ ለመመለስ የሚዳዳው ሰው ሲገኝ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን መንገድ ጠፍቶት የጠየቀ ሰው መልስ አጥቶ አያውቅም። ወደ ቀኝ የሚጠቁመው አለ፣ ወደ ግራ የሚጠቁመው አለ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኝቶ በተሳሳተው መንገድ ላይ በክብር የሚያቆመውም አይጠፋም። «አላውቅም» የሚለውን ግን በባትሪ ፈልጋችሁ አታገኙትም። እንግዳን ባዶ እጁን ከመመለስ ማሳሳት ይሻላል ብለን አንድ ቀን ሁላችንም ሳንነጋገር የተስማማን ይመስለኛል። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።

እንዴት የወፍ ሊቅ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ዲላ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ወፍ የሚያይ ፈረንጅ መጣና እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ ለሦስት ቀን አስተረጎምኩለት። ማስተርጎም ስላችሁ ብዙ አታስቡ፤ ሥራዬ በአብዛኛው ከኋላችን የሚከተሉንን ሰዎች «ዝም በሉ ይላችኋል» ማለት ነበር። ሲሄድ አሮጌ ባይኖኩላሩን ሸለመኝና እኔም አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በከተማው መሀል አለፍኩ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ሊቅነቴን ያወጀልኝ ከተማው እንጂ እኔ አልነበርኩም። እኔ ያጠፋሁት አዋጁን ሳላስተባብል መቅረቴ ነው።

ዓመታት አለፉና በዘጠናዎቹ መጨረሻ ትዕግሥት የምትባል ወጣት የባዮሎጂ መምህርት ከአዲስ አበባ ተመድባ መጣች። ቁጭ ማለት የማታውቅ ልጅ ነበረች። ወር ሳይሞላት አስተማሪዎችን፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና ሌሎችንም ሰብስባ አሥራ አራት አባላት ያሉት የወፍ ተመልካቾች ክበብ አቋቋመች። እኔን አማካሪ አደረገችኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስንሄድ አጥሩ ላይ አንዲት ወፍ አየን። ቡናማ ግራጫ ናት፤ አናቷ ላይ ቁንጮ አላት፤ ጅራቷ ከራሷ ይረዝማል። ትዕግሥት ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተችና ስሟን ጠየቀችኝ። አሥራ ሦስት ሰው ዞሮ አፍ አፌን ያየኛል። ባይኖኩላሩ አንገቴ ላይ ነው። ምን ልበል?

«የልዑል ወፍ ትባላለች» አልኩ። ቁንጮዋ ዘውድ፣ ጅራቷ የካባ ጫፍ መስሎኝ ነው። ውሸት ብቻዋን መቆም ስለማትችል ደግሞ ምርኩዝ ጨመርኩላት፤ በጣም ብርቅዬ ናት፣ ከፈረንጁ ጋር እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየናት አልኩ። ትዕግሥት ጻፈችው። የተጻፈ ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በሳምንቱ ክበቡ «የልዑል ወፍ ክበብ» ተባለ፣ በወሩ ወፏ ሰሌዳ ላይ ተሳለች፣ በዓመቱ ካናቴራ ላይ ታተመች።

ችግሩ ብርቅዬ ከተባለች በኋላ በየአጥሩ መታየቷ ነው። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ፊት ስድስት አየሁ አለ። ፋርማሲስቱ ጓሮው ውስጥ ዘጠኝ ቆጠረ። እኔ አፈርኩ፤ ክበቡ ግን ተደሰተ። በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ሪፖርት «ክበባችን ባደረገው ያላሰለሰ ጥበቃ የልዑል ወፍ ቁጥር ከፍተኛ ጭማሪ አሳይቷል» ይላል። ሪፖርቱን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ እያለን ለአባላቱ ሁሉ የወፍ መለያ መጽሐፍ የሚገዛልን አንድ በጎ አድራጊ ተገኘ። አንድ ዓይነት ብቻ ምረጡ ብሎ ሁለት መጽሐፍ ለናሙና ላከልን። አንዱ ጡብ የሚያህል ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካን ወፎች በሙሉ፣ የአጥሩንም የበረሃውንም፣ በሥዕል ይዟል። ሌላው ቀጭን፣ ኪስ የሚገባ፣ በአገራችን ብቻ የሚገኙትን ብርቅዬ ወፎች የያዘ ነው። አጥንቶ ሐሳብ እንዲያቀርብ የተመረጠው፣ መቼም ሌላ ማን ይሆናል፣ እኔ ነበርኩ።

ጡቡን ቤቴ ወስጄ መገላበጥ ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚል መጽሐፍ ነው። መሀሉ ላይ ስደርስ ግን ገጽ መግለጤን አቆምኩ። ልዕልቲቱ ከነቤተሰቧ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ቁንጮዋ እሱ ነው፤ ጅራቷም እሱ ነው። ሥሯ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አነበብኩ። «የአይጥ ወፍ» ይላታል፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ አይጥ ስለምትሽሎከሎክ ነው አሉ። ቀጥሎ ደግሞ በየአጥሩና በየጓሮው በብዛት የምትገኝ፣ ፍራፍሬ የምታጠፋ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አይጥ አንግሠን፣ ካናቴራ አልብሰን፣ ሪፖርት ጽፈንላት ኖረናል። መጽሐፉን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ናት።

ቀጭኑን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። የለችም። እንዴት ትኖራለች? ከእኛ አልፋ በስንቱ አገር አጥር ላይ ያለች ወፍ ናት። እንዲህ ያለ እፎይታ ያገኘሁት ልጆቼ ከኩፍኝ የተነሡ ዕለት ብቻ ነው።

ስብሰባው ላይ ያደረግኩትን ንግግር ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ብዬ ጀመርኩ። የራሳችን ወፎች እያሉ የጎረቤት ወፍ የምናጠናበት ምክንያት አይታየኝም አልኩ። በአገር ወፍ የማይኮራ በምን ይኮራል አልኩ። የባንኩ ሠራተኛ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትዕግሥት ብቻ እጇን አወጣችና «ጋሽ ታደሰ፣ ጀማሪ ሰው መጀመሪያ በየቀኑ የሚያየውን ወፍ ቢያውቅ አይሻለውም?» አለችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በሕይወቴ አልተጠየቅኩም። እኔ ግን የመምህር ፈገግታ ፈገግ ብዬ፣ በየቀኑ የምናየውንማ በየቀኑ እናየዋለን፣ መጽሐፍ ምን ያደርግልናል አልኳት። ተጨበጨበ። እሷም እጇን አውርዳ ከሌላው ጋር አጨበጨበች፤ ቀጭኑ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

መጽሐፉ በመጣ በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ከዲላ ብዙ ወደማይርቀው ወናጎ ሄድን። የቡና ማሳቸውን የፈቀዱልን አቶ ጅግሶ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከዳር ፓፓያ፤ ወፉ እንደ ጉድ ይንጫጫል። አባሎቻችን ግን እጃቸው ላይ ያለው መጽሐፍ ብርቅዬ እንጂ ሌላ ስለማያውቅ ያዩትን ሁሉ ብርቅዬ አደረጉት። ፋርማሲስቱ አንዲት ተራ ዋኔ አይቶ፣ ባሌ ተራራ አናት ላይ ብቻ ትገኛለች የምትባለውን ወፍ አገኘሁ ብሎ መዘገበ። ልብስ ሰፊው በአንድ ጠዋት አሥራ ሰባት ብርቅዬ ቆጠረ። ሳይመዘገቡ ያለፉት የአቶ ጅግሶ ዶሮዎች ብቻ ናቸው።

ፓፓያው ላይ ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ተንጠልጥላ ትበላለች። ሁሉም መጽሐፉን ገለጠ። ትዕግሥት ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከዚያም እንደገና ከፊት ጀምራ ሦስት ጊዜ ገለበጠችው። በመካከሉ ቀና እያለች ታየኛለች። እኔ ባይኖኩላሬን እጠርጋለሁ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እዚህ የለችም» አለች። የባንኩ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። የአገሪቱ ብርቅዬ ወፎች በሙሉ ባሉበት መጽሐፍ ውስጥ ከሌለች፣ እንግዲያው እስከ ዛሬ ማንም አላወቃትም ማለት ነው፤ ጋሽ ታደሰ ለሳይንስ አዲስ ወፍ አግኝተዋል አለ። ትከሻዬን የሚመታው በዛ። ወፏ በስሜ እንድትጠራ እዚያው ፓፓያ ሥር ተወሰነ፤ አዲስ አበባ ላሉ ምሁራን ደብዳቤ እንድትጽፍ ትዕግሥት ታዘዘች።

ሰው ወደ ሚኒባሱ ሲሄድ አቶ ጅግሶ እጄን ይዘው ወደኋላ አስቀሩኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ወፍ እናንተ ጋር ትልቅ ሰው ነው እንዴ? እኛ ጋር ሌባ ናት። ፓፓያ ጨረሰብኝ።»

ታዲያ ለምን አልነገሩንም አልኳቸው።

«እናንተ ተምራችኋል፣ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ።

ወደ ዲላ ስንመለስ የማስበው የደብዳቤውን ነገር ብቻ ነበር። በስሜ አይጥ ልትጠራልኝ ነው። እሱስ ይሁን፤ የዘራሁትን ማጨድ ነው። ያ ደብዳቤ ግን የሚሄደው በትዕግሥት እጅ ተጽፎ ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ሲያነበው የሚስቀው በጡረታ አፋፍ ላይ ባለ ሽማግሌ አይሆንም፤ ገና ብዙ ልትማር በምታስብ ልጅ ላይ ነው። ለማላውቃት ወፍ ስም ከማውጣት የልጅቷን ስም ማበላሸት እንደሚብስ ያን ዕለት ገባኝ። ገና ያን ዕለት መሆኑ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ገባኝ።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ጡቡን ኮቴ ሥር ሸጉጬ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። የናሙናውን መጽሐፍ «መመለስ ረስቼ» ነበር፤ እንዴት ያለ መርሳት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ትዕግሥት ደብተር ታርማለች፤ ደብዳቤው አጠገቧ ነው። ደብዳቤውን እንዳትልኪው አልኳት። ለምን አለች። ገጹን ገልጬ ደብተሮቹ ላይ አስቀመጥኩላት።

ጎንበስ ብላ አላየችውም። ሰው ሥዕል ሲቀርብለት ዓይኑ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል፤ የሷ ዓይን ግን እኔው ላይ ቀረ።

«ገጹን አውቀዋለሁ ጋሼ» አለችኝ። «መጽሐፎቹ ወደ እርስዎ ከመምጣታቸው በፊት እኔ ጋ አራት ቀን ተቀምጠዋል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው አለች። እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ስብሰባው ላይ በር ከፈትኩልዎ፣ አልገቡም፤ ወናጎ ላይ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩልዎ፣ ባይኖኩላርዎን ይጠርጋሉ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርገው በቀለለኝ ነበር።

«ዛሬ ባልመጣስ?» አልኳት። «ትልኪው ነበር?»

«እልከው ነበር።» ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋችው። «እስካሁን ያቆየሁት ሳይፈርሙ እንዳይሄድ ብዬ ነው።»

አነበብኩት። «ያገኘሁት ወፍ» ይላል፤ «ያገኘነው» አይልም። ከታች ለፊርማ በተተወው ቦታ ሙሉ ስሜ ከነአያቴ ተጽፏል። የትዕግሥት ስም ከላይም ከታችም የለም። እኔ እሷን ከመሳቂያነት ላድን መጽሐፍ ኮት ሥር ደብቄ ስሮጥ፣ ልጅቷ ራሷን ካዳነች ቆይታለች።

ቅዳሜ አሥራ ሦስቱ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እሱም ነገሩ ጓሮው ውስጥ ዘጠኝ ከቆጠረ ጀምሮ ከንክኖት እንደነበር፣ ግን ትልቅ ሰው እንዴት ውሸትዎን ነው ይባላል ብሎ እንደተወው ነገረኝ። ልብስ ሰፊውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ለካ እኔ «አላውቅም» ማለት ያቃተኝን ያህል፣ እነሱም «እናውቃለን» ማለት አቅቷቸው፣ ሁላችንም ተከባብረን አንዲት የፓፓያ ሌባ አንግሠናል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ገበሬውንም ምሁሩንም እኩል አፍ ያስይዛል።

አሥራ አራቱ ቀጫጭን መጽሐፎች ዛሬም በየቤታችን አሉ፤ ቆንጆ ናቸው፣ ውስጣቸው ያሉትን ወፎች አብዛኛዎቻችን እስከ ዛሬ አላየናቸውም። ጡቡን ተራ እየገባን በውሰት እንገለብጣለን። እናንተም ወፍ ማየት ጀምራችሁ የትኛውን መጽሐፍ እንግዛ ብትሉኝ ብዙ አልመክራችሁም። መጀመሪያ የአጥራችሁን ወፍ ፈልጉበት። ካለች ግዙት። ከሌለች ደግሞ መጽሐፉን ማን እንደመረጠው ጠይቁ።