ባሕር የገባው የሊቀ ሙግት ደምለው አፈር

በየአጥቢያው ቄስ ሊጠፋ ይችላል፤ ተሟጋች ግን ጠፍቶ አያውቅም። የእኛ አጥቢያ ተሟጋች አያ ደምለው ነበሩ። የሚሾማቸው ንጉሥ ስላልተገኘ እኔው «ሊቀ ሙግት» ብዬ ሾምኳቸው። «በሕግ አምላክ!» ሳይሉ ውለው አያውቁም። አንዴ ላማቸው ልትወጋቸው ስትንደረደር «በሕግ አምላክ!» ብለው አቁመዋታል፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ማሳቸው ከእኔ በላይ ነው። ውሃ የሚያወርደውን ፈሰስ ወደ እኔ የቀደዱት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር «አፈሬ አንተ ዘንድ ወረደች» ብለው ሽማግሌ ይሰበስቡብኛል።

«አፈሬን አላጣትም!» ይላሉ፣ ከማሳዬ ዘግነው እያሸተቱ። «ሃያ ዓመት ፍግ ያበላኋት ናት።»

ሽማግሌዎቹም በተራ ያሸታሉ። አንድ ዓመት ስድስት ቁና አፈር ፈርደውብኝ ተሸክሜ መለስኩ። የዚያን ቀን እርግማኔን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ከበላያችን መንገድ ቆረጠ። የጋራውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቦይ ወደ እኛ ለቀቀው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዶፍ ጣለ። ሲያባራ ብወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። ማሳዬ የለም! ጤፉ ብቻ አይደለም፣ አፈሩ ራሱ ሄዷል። እንደ ተገጠበ አህያ ጀርባ ነጭ ድንጋይ አፍጥጧል። ለአያ ደምለውም አንዲት ጥግ ብቻ ነበር የቀረቻቸው። ባለቤቴ ሥራነሽ ወደ እናቷ አገር ወደ ቁይ ልንሰደድ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

አያ ደምለው ግን ኩታቸውን አጣፍተው ወደ ጣሊያኑ መሐንዲስ ድንኳን ገሰገሱ። ልይዛቸው ከኋላ ሮጥኩ፤ የደረስኩት ግን መሐንዲሱ ፊት ከቆሙ በኋላ ነው።

«በሕግ አምላክ!» አሉት።

በዚያ ሰሞን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይሰቀል ነበር። አስተርጓሚውን ላብ አጠመቀው።

«የዚህን የአስማማውን አፈር መልስ!» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ጆሮዬን አላመንኩም። የራሳቸውን ማሳ አላነሱም!

መሐንዲሱ ከት ብሎ ስቆ ካርታ ዘረጋ። አስተርጓሚው ነገረን፦

«አፈራችሁ ዓባይ ገብቷል ይላል። ዓባይ በሱዳን አድርጎ ግብፅ ይወርዳል። ከዚያ የተረፈው ባሕር ይገባል። ፍጉና የበሰበሰው ገለባ ባሕሩን ያደልበዋል፤ ዓሣው በዚያ ይወፍራል።»

ሊቀ ሙግት ካርታው ላይ አፍጥጠው ቀሩ። እንዲያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም።

«የበሬዬን እበት ዓሣ በላው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«በል ጠይቅልኝ፤ የዚያ ባሕር ዳኛ ማን ይባላል?»

የመሐንዲሱ ሳቅ ቆመ። አሥር ጅራፍ አስገረፋቸው። እያንዳንዷ እኔ ላይ ያረፈች ያህል ዘገነነኝ። መቆም ሲያቅታቸው አዝዬ ወደ ቤት መለስኳቸው።

«ሥራነሽ ዕቃ ስትሸክፍ አይቻታለሁ» አሉ ከጀርባዬ ላይ፣ እያቃሰቱ። «ከቀረችኝ ጥግ እኩሌታዋን ውሰድ። መስከረም ሲጠባ ጓያ ዝራባት።»

«ኧረ አያ፣ ለእርስዎስ ምን ሊተርፍ?»

«አንተ ከተሰደድህ እኔ ከማን ጋር ልሟገት ነው? ከዝንጀሮ ጋር?»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከሱኝ፣ ለካ እኒህን ሰውዬ እወዳቸው ኖሯል።

ማታውኑ ሥራነሽ ዕቃውን ፈታች።