እጅ የሚያወጣው ሞተር

ሰው ያየውን ነገር ሁሉ «ምን ይጠቅማል?» ሲል ያናድደኛል። እናንተን አያናድዳችሁም?

ቴፒ ሳለሁ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ፤ የቡና መፈልፈያ መካኒክ ናቸው። ቀን ከትልቅ ሞተር ጋር ሲታገሉ ይውሉና ቤት ሲገቡ ትንሽ ሞተር ይሠራሉ፤ በእንፋሎት የሚዞር፣ ጉልበት ላይ የሚቀመጥ። ውሃው የሚፈላው በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። ፒስተኑ የሚመላለሰው በብስክሌት ፓምፕ ውስጥ ነው። መዘውሩ ደግሞ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች የስፌት መኪና የተፈታ ነው። እትዬ ዘነበች ስለ መዘውሩ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከሥሩ ፍም ሲያደርጉለት ያፏጭና ቱፍ ቱፍ ብሎ ይዞራል። ያኔ የጋሽ ወልዴን ፊት ብታዩት! ሦስት ዓመት ለፍተውበታል። እኔም ሥራ ፈትቼ አየው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበራችን መጣና «ምን ይጠቅማል?» አላቸው።

«ይዞራል» አሉት።

«ዞሮስ?»

«ዞሮማ ደግሞ ይዞራል።»

ሊቀመንበሩ ኮስተር አለ። ለሰፊው ሕዝብ ያለውን ጥቅም በቅዳሜው ስብሰባ ካላስረዱ ሞተሩ ተወርሶ መጋዘን እንደሚገባ ነገራቸው። ጋሽ ወልዴ ሳምንቱን እህል ቀመሱ ማለት አይቻልም።

በዚያን ጊዜ ከስብሰባ መቅረት የማይታሰብ ነው። የእኛ ስብሰባ ደግሞ ይረዝማል፤ እያንዳንዱ ንግግር አማርኛ ለማይሰሙ የሸኮ ብሔረሰብ ሽማግሌዎች ይተረጐማል። እጅ ስናወጣና ስናወርድ ትከሻችን ይዝላል። ጋሽ ወልዴ ይህን አስበው ሞተሩ ላይ የእንጨት እጅ ገጠሙ። «ለደከመው ሕዝብ እጅ ያወጣል» ብለው ቅዳሜ ከነፍሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ሊቀመንበሩ ወደደው! እሑድ ለቡና ለቀማ መዝመታችንን የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። የእንጨቱ እጅ ወጣ። አጨበጨብን።

«የሚቃወም?» አለ፣ እንደ ልማዱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

እጁ ወጣ።

በዚያ አዳራሽ ተቃዋሚ ታይቶ አያውቅም።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። እጁ ወጣ።

«ያቁሙት!»

«ውሃው ሳያልቅ አይቆምም» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ በላብ ተጠምቀው። ምን ይደረጋል? ጠበቅን። እኔ የፈራሁት ለሞተሩ ብቻ አልነበረም፤ ለሰውየውም ነበር።

በዚህ መሀል አንድ የሸኮ ሽማግሌ አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቁት። አስተርጓሚውም ጮክ ብሎ፣ «ይሄ እጁን የሚያወጣው ዕድሉ ተሰጥቶት የማይናገረው ለምንድን ነው ይላሉ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ከንፈሩን ነከሰ፣ ነከሰ፤ አልቻለም፤ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ ወሰነ። ሞተሩ አይወረስም። ነገር ግን አቋሙ ስለማይታወቅ ከነባለቤቱ ሁለተኛ ስብሰባ እንዳይገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኛ አዳራሽ ተቀምጠን፣ ከጋሽ ወልዴ ግቢ ቱፍ ቱፍ ይሰማል። ከጎኔ የነበረው ባለሱቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አሮጌ የብስክሌት ፓምፕ እንዳለኝ ጠየቀኝ።

አለኝ። ግን አልሰጠሁትም፤ እኔም መዘውር እየፈለግሁለት ነበር።