ውሃ የሚፈራው ጾመኛ

እናንተዬ፣ ከቄሱ በላይ ጾመኛ የሆነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቡሬ ውስጥ ገጥሞኛል፤ ጎረቤቴ አያ ስመኝ ናቸው።

ሳንባቸው ቢታመም ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣቸው። «እብጠቱን ያበርዳል፤ ግን ጀርም የሚከላከልልንንም ዘበኛ ያስተኛል። በሳቡ ቁጥር በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉ» አላቸው።

ሁዳዴ ገባ። አያ ስመኝ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ይስባሉ፤ ውሃ ግን ወደ አፋቸው አያስጠጉም።

«አየር ጾም አያስገድፍም፤ ውሃ ነው የሚያስገድፈው» ይሉኛል።

የነፍስ አባታቸው «ለታመመ ተፈቅዷል» ቢሏቸው፣ ቄሱን በትዝብት አዩአቸው!

ጀርሞቹ ግን ሁዳዴን አልጾሙም። አፋቸውን ነጭ አለበሱት፤ ሳንባቸውም ውስጥ ተባዙ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ ይዤ ወደተኙበት ሆስፒታል ሄድኩ። ጉሮሯቸው ቆስሎ መዋጥ አቃታቸው። አገሩ ሁሉ ፈስኳል፤ አያ ስመኝ ግን እስከ ዛሬ እየጾሙ ነው።