በወዳጅነት ስለመፍታት

አሰላ ለዓለም ሯጭ ያበረከተች ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ይሁንና ከዚህች ከተማ ተነስተው ባሕር ከተሻገሩት ሁሉ በፍጥነቱ አቻ ያልተገኘለት የመምህር ፍቅረማርያም ገንዘብ ነው። ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ ልምምድ፣ ሰውነቱን እንኳን ሳያሟሙቅ ከባንክ ወጥቶ፣ በስልክ በኩል አቋርጦ፣ ወዳልታወቀ አገር ገባ። እስከ ዛሬም ዞር ብሎ አላየም።

መምህር ፍቅረማርያም ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። ይህ በቅድሚያ መታወቅ አለበት፤ ራሱ እንደሚለው፣ ያልተማረ ሰው እንዲህ ባለ ጥራት ሊከስር አይችልም። ያልተማረ ሰው ወርቅ ሲገዛ ወርቁን በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ፣ በጥርሱም ነክሶ ነው። እሱ ግን ያላየውን ወርቅ ከማያውቀው ሰው ገዝቶ ለማያውቀው ሰው ሊሸጥ ሲጠብቅ ወርቁ ረከሰ። ደላላው የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ቢሮው የት እንዳለ እንኳንስ መምህሩ፣ ደላላው ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። ሒሳቡ ተመናምኖ ሊያልቅ ሲል መተግበሪያው የገንዘቡን ባለቤት ሳያማክር ግብይቱን በኪሳራ ዘጋው። በማግስቱ ወርቅ ተወደደ።

ገንዘቡ ደግሞ ዝም ብሎ ገንዘብ አልነበረም፤ ቆርቆሮ ነበር። መምህሩና ነርስ የሆነችው ባለቤቱ እታገኘሁ ከከተማው ዳር ግድግዳው ያለቀ ቤት አላቸው። የቀረው ጣሪያው ነው፣ ክረምቱም ከጭላሎ ተራራ ጀርባ ደርሷል። እታገኘሁ የምታውቀው ብሩ ባንክ ቁጭ ብሎ ወለድ እየወለደ መሆኑን ነው። ይህን የነገራት ባሏ ነው።

መምህሩ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ አቤቱታ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተዘጋ ግብይትን ይመለከታል» ብሎ በእንግሊዝኛ ጀምሮ «ከሠላምታ ጋር» ብሎ ደመደመ። መልሱ ጣቱን ከስልኩ ሳያነሳ ደረሰ። «ውድ ፍቅረማርያም፣ እኔ ሶፊ ነኝ። ስሜትህን እረዳለሁ። አንተ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነህ።»

መምህሩ ልቡ ተነካ። ለአለቆቹ የጻፈው የደረጃ እድገት ጥያቄ ሁለት ክረምት አልፎበት መልስ አላገኘም፤ ውድ ብሎ የጻፈለት አለቃም የለም። ሶፊ ሰው ሳትሆን መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም መሆኗን ያውቃል። ቢሆንም አንዴ ውድ ብላዋለችና፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓሮ እየገባ ይጽፍላት ጀመር።

ደብዳቤው አላዋጣ ሲለው፣ ሲዋዋል ያላነበበውን ውል ከፈተ። ወረደ፣ ወረደና አንድ አንቀጽ ላይ ዐረፈ፦ «ተዋዋይ ወገኖች አለመግባባታቸውን በቅድሚያ በወዳጅነት ይፈታሉ።» ከዚያ በታች ስለ ሩቅ አገር ፍርድ ቤት የተጻፈ ብዙ ገጽ ነበር፤ እሱን ማንበብ አላስፈለገውም። በአሰላ በወዳጅነት መፍታት ማለት ሽማግሌ ማስቀመጥ ነው። ደላላውም ይህን ሳያውቅ አንቀጹን አልጻፈውም።

አከራዩን ሀጂ ሁሴኖንና ጡረታ የወጡትን የፍርድ ቤት ሬጅስትራር አቶ በዛብህን ለመናቸው። «ሶፊ ከምትባል ጋር አንድ ጉዳይ ገጥሞኝ...» ሲል ሁለቱም ሳያስጨርሱት እሺ አሉ። መምህሩ ይህን ለፍትሕ ካላቸው ጥማት ቆጠረው።

«እሁድ ይሁን» አሉ ሀጂ። «ሚስትህም ብትኖር ጥሩ ነው።»

«እሷ ተረኛ ናት» አለ ፍቅረማርያም፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

እሁድ ዕለት በሀጂ ግቢ ከባሕር ዛፉ ሥር ሦስት ወንበር ወጣ። ሁለቱ ለሽማግሎች፣ አንዱ ለተከሳሽ። ስልኩ ትራስ ተነጥፎለት ተቀመጠ፤ ከሳሽ ቆመ። ሀጂ ወንበሩን አይተው ትንሽ ግር አላቸው፤ ነገሩ ሲዘረዘርላቸው ግን ገባቸው። በጃርሱማ፣ በአገሩ የሽምግልና ደንብ፣ የሚናገርለት የሌለው አይዳኝምና፣ ሞባይል ቤት ያላት ዙቤዳ ተጠርታ ለደላላው ወኪል ሆነች። የምትጽፈውም የምትተረጉመውም እሷ ናት።

«መምህር» አሉ ሀጂ፣ «ግዛ የሚለውን የተጫነው ማነው?»

«እኔ ነኝ ሀጂ። ግን...»

«እጅህን ይዞ ያስጫነህ አለ?»

«የለም።»

«ልትከስር ትችላለህ ብሎ ነግሮሃል» አለች ዙቤዳ ወኪልነቱ ሞቅ እያላት። «ይኸው ተጽፏል። ያውም በቀይ!»

«አይቼዋለሁ። ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ነው።»

«ለመሆኑ ተማሪ ቤት ምንድነው የምታስተምረው?» አሉ ሀጂ።

«ኢኮኖሚክስ። አሁን የያዝነው ምዕራፍ... ስለ ኪሳራ ስጋት ነው።»

ሀጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «አቦ፣ ልጆቹን አላህ ይጠብቃቸው። በይ ዙቤዳ፣ ተከሳሽን ጠይቂልን።»

ዙቤዳ ጻፈች፤ መልሱ ከተፍ አለ። «ለደረሰብህ ሁሉ ከልብ አዝናለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ትላለች።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሽምግልናቸው በመጀመሪያው ጥያቄ ይቅርታ ያለ ተከሳሽ ገጥሟቸው አያውቅም። ሌላው ሰው ሦስት ቀጠሮና አንድ በግ ይፈጃል።

«የጨዋ ልጅ ናት» አሉ ሀጂ።

«ካሳውስ?» አለ ፍቅረማርያም።

ዙቤዳ ጻፈች፣ አነበበች። «መቶ ዶላር ካስገባ፣ እኔ ሠላሳ እጨምርለታለሁ ትላለች።»

አቶ በዛብህ ከወንበራቸው ተነሱ። «ይህ ጉባኤ የግራ ቀኙን ክርክር መርምሮ፣ ሁለቱም ወገኖች ለእርቁ ማዋጣታቸውን በአድናቆት ተመልክቶ፣ ከሳሽ ድርሻውን ዛሬውኑ እንዲያስገባ ወስኗል!»

የሚያሳፍረው ውሳኔው አይደለም። የሚያሳፍረው፣ ፍቅረማርያም በሆዱ ሠላሳውን ለመቶው አካፍሎ «የትኛው ባንክ ይህን ይከፍላል?» ማለቱ ነው። እጁ ወደ ትራሱ እንደተዘረጋ የግቢው በር ተከፈተ። እታገኘሁ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ገባች።

«እኔን ሳትጠብቁ ጀመራችሁ?» አለች።

ለካ ከሳሿ እሷ ነበረች። ባሏ ጓሮ እየገባ ሲጽፍ አይታ፣ ስልኩን ከፍታ፣ «ውድ» እና «በጣም አስፈላጊ ነህ» የሚለውን አንብባ፣ ሶፊ የምትባል ሴት ይዞብኛል ስትል ሀጂ ዘንድ ሄዳ አልቅሳለች። ሽማግሎቹ ያን ቀን ቶሎ እሺ ያሉት፣ እሷንም እሁድ ነይ ያሏት ለዚህ ነው።

«የታለች?» አለች ባዶ የመሰላትን ወንበር እያየች። «ሳትመጣ ቀረች?»

ሀጂ የፍቅረማርያምን ክንድ ይዘው ወደ ዛፉ ግንድ አስጠጉት። «ስማ ልጄ» አሉት በሹክሹክታ። «ለሴት ደንብ አለን። አጠፋሁ ትላለህ፣ ካስ ትባላለህ፣ ትክሳለህ፣ አለቀ። በስልክ ለተበላ የጣሪያ ቆርቆሮ ግን ደንብ የለንም። ዋላሂ፣ ሰምተንም አናውቅ።»

ፍቅረማርያም አመዛዘነ። በአንድ በኩል ባለጌ መባል አለ፣ በሌላ በኩል ደደብ መባል። ባለጌ ለመሆን ዲግሪ አያስፈልግም፤ ማንም ይሆነዋል። ደደብነት ከነዲግሪው ሲሆን ግን ሰው ፊት አያስቆምም። እናም ለስሙ የሚሻለውን መረጠ።

«አጥፍቻለሁ እቴ» አለ እግሯ ላይ ወድቆ። «ሴት ናት። ሁለተኛ አይለምደኝም፣ ይቅር በይኝ።»

ዙቤዳ ትራሱ ላይ ያለችውን ደንበኛዋን በሻርፗ ሸፈነቻት። እታገኘሁ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ የእሱ እንባ ከልቡ ነበር፣ ጣሪያውን እያሰበ ነው።

«ተበዳይ ካሳሽን ተናገሪ» አሉ አቶ በዛብህ። «ያመነ በዳይ በሽማግሌ ፊት የተቆረጠበትን እምቢ አይልም። ወርቅ ይግዛልሽ?»

ወርቅ ሲባል ፍቅረማርያም ነዘረው።

«ወርቅ ምን ያደርግልኛል» አለች ዓይኗን ጠርጋ። «ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ሴት የለመደ ሰው እጅ ላይ ብር አይቀመጥም። የጣሪያውን ብር ዛሬውኑ፣ እናንተ እያያችሁ ያስረክበኝ።»

ሽማግሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ያወጡትም የተናገሩትም እነሱ ናቸው።

«ዛሬ እሁድ ነው እኮ እቴ» አለ ፍቅረማርያም። «ባንክ ዝግ ነው።»

«በስልክህ ላክልኝ። ስልክ ላይማ ጎበዝ ነህ።»

ዙቤዳ ሻርፗን ገለጠች። ሀጂ ሁሴኖ ቢስሚላሂ ብለው ስልኩን ከነትራሱ አንስተው አቀበሉት። የስልኩ መስኮት ላይ አዲስ መልእክት በርቷል፦

«ውድ ፍቅረማርያም፣ ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?»