ክቡር ጂራታና ዲዳው ስክሪን

ለልደታ ነዋሪ በሙሉ ይታወቅ! የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሊቅ፣ ክቡር ኢንጂነር ጂራታ፣ እስከ ዛሬ ተሳስተው አያውቁም። የሚሳሳተው ምንጊዜም ዕቃው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሳያይ ያውቃል፤ ስላወቀም አያይም። የእኛው ሰው መፈክር አጭር ናት፦ «ስክሪን ስክሪን ነው!»

ሰፈራችን ኮንዶሚኒየም ሥር ያለው ክሊኒክ የተራ ቁጥር ማሳያ እንዲገጥሙለት ጠራቸው። ሰበቡ እትዬ ወለተሃና ናቸው። ጆሯቸው አይሰማም፤ ሲጠሩ ተራው እያለፋቸው ደጋግመው ሳይታከሙ ተመልሰዋል። ጂራታም ከተሰበረ ላፕቶፕ ስክሪን ፈትተው፣ መዳፍ ከማትሞላ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት።

ከሱቅ የተገዛ ቴሌቪዥን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ራሱን ያስተዋውቃል። እንዲህ የተፈታ ስክሪን ግን ዲዳ ነው። ኮምፒውተሯ ስትነሳ «የማን ልጅ ነህ?» ብትለው መልስ የለውም። ወርዱን፣ ቁመቱን፣ እያንዳንዱ መስመር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚጽፍላት ሰው ትፈልጋለች፤ ሽማግሌ ገብቶ የሙሽራውን ዘር እንደሚናገር ማለት ነው። ክቡርነታቸውስ? ለሙኒር ጁስ ቤት የገጠሙትን የሌላ ስክሪን መግለጫ እንዳለ ገልብጠው ጫኑባት! የአንዱን ዘር ለሌላው!

«ኢንጂነር፣ ከጀርባው የተጻፈውን ሞዴል አየኸው?» አልኩ እኔ፣ እዚያው ተራዬን እየጠበቅኩ።

«ምን ያደርግልኛል? ሁለቱም ልክ እኩል ናቸው። ስክሪን ስክሪን ነው ወንድሜ!»

ምስኪን ኮምፒውተር የተነገራትን አመነች። ቁጥሩ እንደተጨመቀ ልብስ ተጠማዘዘ፤ ግማሹ ቀኝ ጥግ፣ ግማሹ ግራ ጥግ ተሰደደ።

«ይሄ ቁጥር ነው ወይስ ጥልፍ?» አለች ነርሷ ፋዮ።

«ቆይ፣ እስኪሞቅ ነው!»

አልሞቀም። እትዬ ወለተሃና ዓይናቸውን አጥብበው ከጥልፉ ጋር ሲፋጠጡ ተራቸው ደረሰ። ፋዮ ጠራች። ደግማ ጠራች። ከኋላቸው ያለው ሰውዬ ሊያልፍ ብድግ አለ።

ይሄኔ ጂራታ ካቻቪቴያቸውን እንደያዙ ሰውዬውን ገፍተው አለፉ። እትዬ ፊት በርከክ ብለው ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። «እናቴ፣ ተራዎ ነው» አሏቸው፣ እንደማይሰሙ እያወቁ። እጃቸውን ይዘው እስከ ሐኪሟ በር አደረሷቸው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ያልሰማውን ሁሉ ትከሻውን እየነኩ ያስነሳሉ። መግለጫውን ማስተካከል ግን? ሞተው ነው!

አንባቢ ሆይ፣ እዚያ ገብተህ ትከሻህን ከነኩህ ዝም ብለህ ተነስ። እባክህን፣ በልደታ ይዤሃለሁ፣ እንዳታመሰግናቸው። ከተመሰገኑማ ነገ ደህናውን የሙኒርንም ስክሪን «ላሻሽለው» ብለው...