ሊቀ ኮድ እና «እንደ ሁኔታው ነው»

ሶፍትዌር በሚሠራበት ቢሮ ሁሉ አንድ ሊቀ ኮድ አለ። የለንም የሚሉ ካሉ፣ ሰውየው ከስክሪኑ ጀርባ ስለተቀመጠ አላዩትም ማለት ነው።

የእኛው ሊቀ ኮድ ዕውቀቱ ባሕር ነው፤ ንግግሩ ግን በጠብታ ነው። ሥራው ዛሬ ያልቃል ወይ ብትሉት፣ «እንደ ሁኔታው ነው።» ሻይ ትጠጣለህ? «እንደ ሁኔታው ነው።» ባለቤቱ እንደነገረችኝ፣ ሠርጋችን መቼ ይሁን ስትለውም መልሱ ይኸው ነበር። ታግሣ አገባችው፤ ጀግና ናት።

እኔ ደግሞ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የማውቅ፣ ምላሴ ግን አሳፍሮኝ የማያውቅ ሰው ነኝ። አለቃችን የቡድን መሪ ሲፈልጉ ሁለታችንን ጠርተው፣ ለአንድ ሆስፒታል የምንሠራው የበሽተኞች መዝገብ ሶፍትዌር ለወሩ መጨረሻ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁን። እኔ «ያለ ጥርጥር» አልኩ። እሱ የምታውቁትን አለ። ወንበሩ የእኔ ሆነ፤ አላፈርኩበትም፣ ደንበኛ ማናገርም እኮ ሙያ ነው።

ወሩ አለቀና ሥራውን ልናስረክብ ከአለቃችን ጋር ሦስታችን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ሥራውን የሚረከቡት የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ካልፈረሙልን ግማሾቻችን ከሥራ እንደምንሰናበት አለቃችን መንገድ ላይ ነግረውናል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ፤ እኔው ራሴን እስካደንቅ ድረስ። ዋና ነርሷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«መብራት ድንገት ቢሄድ የበሽተኞቼ መዝገብ ሳይጠፋ ይቆያል?»

አፌን ከፈትኩ። «ያለ ጥርጥር» የምትለዋ ቃል እምቢ አለችኝ። አላውቅማ! በሰው ሕመም ደግሞ አይቀለድም። ወደ ሊቀ ኮድ ዞርኩ። አለቃችን የሚመጣውን መልስ ስለሚያውቁት ግንባራቸውን ያዙ።

«አይጠፋም» አለ። «አሥራ አንድ ጊዜ ሶኬቱን ነቅዬ አይቻለሁ። አንድም ስም አልጎደለም።»

ሴትዮዋ ፈረሙ።

ስንወጣ ኅሊናዬ ቆረቆረኝና ወንበሩን ልልቀቅልህ እንዴ አልኩት። ስብሰባ አለው ወይ አለኝ። በየቀኑ እንዳለው ነገርኩት። «በል ይመችህ» ብሎኝ ሄደ።

ሰሞኑን አለቃችን አዲስ ሰው ሊቀጥሩ ነው። ዕውቀቱ የጠለቀ ይሻላል ወይስ ከሰው የሚግባባ ብለው አማከሩኝ።

«እንደ ሁኔታው ነው» አልኳቸው።

ከስክሪኑ ጀርባ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ይህን ሰው በአሥር ባለምላስ አልለውጠውም፤ እኔን ራሴን ቢጨምሩበትም።