የግራዝማች የክርስትና ልጅ

አዳማ ውስጥ ሰውን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አያስፈልግምም። ስሙ ይናገራል፤ ስሙ ካልተናገረ ሥጋ የሚገዛበት ልኳንዳ ይናገራል። ግን እርስዎን «ቤተሰብዎ ከመቼ ጀምሮ ነው ክርስቲያን? ከመቼ ጀምሮ ነው ሙስሊም?» ብዬ ብጠይቅዎ፣ «ከጥንት!» ብለው ይቆጡኛል። እኔንም ቢጠይቁኝ እንደዚያው ነው የምለው። ጥንት ማለት ግን ብዙ ጊዜ አያታችን ማለት ነው። ከእሱ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዝም ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

ዝም ያላሉ አንድ ሽማግሌ አጋጥመውኛል። ነገሩ የእህቴ ልጅ የህሊና ጋብቻ ነው። ህሊና የወደደችው ናስርን ነው፤ የሁሩታ ልጅ፣ እዚሁ አዳማ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ጨዋ፤ ከሃይማኖቱ በቀር እንከን የማይወጣለት። እናቷ እትዬ አስካለ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ጾም የማትገድፍ ሴት ናት። ህሊና ያለ እናቷ ምርቃት አላገባም አለች፤ እናትየው ለሙስሊም አልመርቅም አለች። ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል እትዬ መልሷን አስቀድማ አሰናዳች፦ «እኛና እናንተን የሚያገናኘን የለም» ብላ በትሕትና መሸኘት።

እሑድ ከሰዓት መጡ፤ ሁለት ጎረቤቶቻቸውና የልጁ አያት ሐጂ ሁሴን ራሳቸው። ለእንዲህ ያለ እንግዳ ሥጋ አይቀርብም፤ ማን ያረደውን ማን ይበላል? ዳቦና ለስላሳ ተሰናዳ። የዚህ አገር ሰላም ግማሹ በዳቦና በለስላሳ የቆመ ይመስለኛል።

«አካም ጅርቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት ሐጂ፤ እንደምን አላችሁ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ባዕድ ናችሁ እንዳትይን ብዬ ነው እኔው የመጣሁት። እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ። ክርስትና ያነሱኝ አያትሽ ግራዝማች ናቸው።»

እትዬ አፏን ያዘች። በጃንሆይ ጊዜ አያታችን በአርሲ ባለ መሬት ነበሩ። ጭሰኛው ልጆቹን እያሰለፈ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ አንዱ ረድፍ በሙሉ ገብረ ማርያም ተብሎ ይመለሳል። ሐጂም ሮባ ሆነው ወርደው ገብረ ማርያም ሆነው ወጡ።

«ታዲያ ለምን ሰለሙ?» አለች እትዬ፣ ቅር ብሏት።

«እውነቱን ልንገርሽ? ያኔ ስለ ቁርኣን የማውቀው የለም፤ እሱ ኋላ ነው ልቤ የገባው። እርሻው የግራዝማች፣ ዳኝነቱ የግራዝማች፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ፊት ለፊት የቆሙት እሳቸው። በኋላ ከባሌ አንድ ሼክ በበቅሎ መጡ። መስጊዱ የሣር ጎጆ ነው። ገብቼ ዞር ዞር ብዬ ባይ ግራዝማች የሉም። ተቀመጥኩ።»

በእኛ ቤት ይህ ታሪክ «ግራዝማች ስንቱን አስጠመቁ!» ተብሎ ነበር የሚወራው። ያ ሁሉ ሰው ኋላ ወዴት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም። ስሰማው አፈርኩ።

እትዬ ግን ፊቷ በራ። «እንኳን ነገሩኝ!» ብላ ተነሥታ ሳመቻቸው። «የክርስትና ልጅ እኮ እንደ ሥጋ ልጅ ነው። የአባቴ ወንድም ነዎት! ልጆቹ ታዲያ እንዴት ይጋባሉ? ሰባት ቤት መቼ ሞላቸው? ገና ሦስት ቤት ናቸው!»

ልብ ይበሉልኝ። ዝምድና የለንም ብላ ልትከለክል የተሰናዳች ሴት፣ ዝምድናው በዛ ብላ ከለከለች። ሰውየው እንደ ዋና ምስክር ይዘውት የመጡት ነገር እዚያው እጃቸው ላይ ተገለበጠባቸው። ህሊና ከጓዳ በር ላይ ሆና ታለቅሳለች።

«እኔ ግራዝማችን ሸሽቼ ሰለምኩ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «እሳቸው ቀድመውኝ የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።» አልሳቁም። ዱላቸውን አንሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። «ዘመድ ነን አልሽ?»

«በሚገባ እንጂ!»

«ዘመድ ሠርግ ሲጠራ ይቀራል?»

እትዬ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «አይቀርም» አለች በመጨረሻ።

ህሊና እናቷ ሠርጉ ላይ እንደማትቀር ስትሰማ እሺ አለች። ልጆቹ ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ፤ ድግሱ ሁሩታ ላይ ሆነ፤ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት አራጅ። እትዬ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። በር ላይ አስተናጋጁ «የሙሽራዋ ወገን ነዎት የሙሽራው?» አላት። ልጇን አልሰጠችም፤ የሙሽራዋ ወገን ነኝ እንዴት ትበል?

«የሙሽራው» አለች፤ ከሐጂ አጠገብ አስቀመጧት።

ሙሽሮቹ የሙሽራውን ዘመዶች ጉልበት እየሳሙ ዞሩ። እትዬ ዘንድ ሲደርሱ ህሊና ተንበረከከች፤ ቀና ለማለትም ፈራች። እትዬ እጇን በህሊና ራስ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራው አክስት፣ መረቀቻት።

ምርቃቱ ለአክስት ትንሽ ረዘመ።